የሰማይ ጉንፋን በባለቤቴ ድምፅ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ጉሊት ላይ ነው፤ ቲማቲም ስመርጥ።

«ወገኖቼ፣ ሽሹ!» አለ።

የያዝኩት ቲማቲም ከእጄ ወደቀ። ዞር ብል ማንም የለም። ኮሮና የገባ ሰሞን ነው፤ እንኳን ሰው ጥላውም ከሰው ኋላ አይቆምም ነበር። ለካ ድምፁ የሚመጣው ከባለጉሊቷ ስልክ ነው። ስልኳን ሽንኩርቱ ላይ አስደግፋ፣ አገጯን በመዳፏ ይዛ ታዳምጣለች።

«ከሰማይ ወርዶ ቆቃ ሐይቅ ውስጥ የወደቀው ብረት በሽታ ይዟል» አለ ባለቤቴ። «ጠላቶቻችን ከውኃው አውጥተው አሽገውታል። ሞጆ ኮንቴይነር ውስጥ ነው ያለው። ይኼ ጥይት የሌለው መሣሪያ ነው! ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካያችሁ አትጠጉት። ውኃ እንኳ እንዳታቀብሉት። እናትህም ብትሆን በሩን ዝጋ!»

ሴት እንዴት የባሏን ድምፅ ትስታለች? እሱ «ሽሹ» ሲል ሹ-ዋን ያፏጫታል፤ የፊት ጥርሱ ትንሽ ተሸርፎ ነበር።

«ሰማሽ እህቴ?» አለች ባለጉሊቷ። «ቆቃ እኮ አፍንጫችን ሥር ነው።»

«ማነው የሚናገረው?»

«አንድ ትልቅ ሰው ነው አሉ። ዶክተር ነው መሰለኝ፤ ድምፁ አያስታውቅም?»

ዶክተር! ማትሪክ ሁለቴ የወደቀ ሰው! ልስቅ አፌን ከፈትኩና ማልቀስ መጣብኝ። ቲማቲሙን ሳልገዛ ሄድኩ።

ባለቤቴ የውጭ ፊልም በአማርኛ የሚተርክ ሰው ነበር። አንድ ማይክ ይዞ ጀግናውንም፣ ወንበዴውንም፣ ሴቷንም፣ ሕፃኑንም፣ ሲያስፈልግ ውሻውንም ብቻውን የሚናገርበት ሥራ ነው። የሚቀዳው ከአንድ ቪዲዮ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳው ሁሉ በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ነበር። የአዳማን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ሌላ መናገር አያስፈልገኝም። ድምፁ ይገባል ተብሎ ቬንትሌተር እንኳ አይከፈትም፤ ማታ ቤት ሲገባ የተቀቀለ ድንች መስሎ ነበር የሚገባው።

አንድ ልማድ ነበረው። የፈረንጅ ከተማ ስም አይጠራም። «ተመልካቹ መንገዱን ካላወቀው አብሮ አይሮጥም» ይል ነበር። ፊልሙ ላይ በረሃ ከታየ መተሃራ ነው። መዋኛ ያለው ሆቴል ከታየ ላንጋኖ ነው። መርከብ ዕቃ የሚያራግፍበት ወደብ ከመጣ ሞጆ ነው፤ ባሕሩ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሰው የሰፈሩን ስም ከፈረንጅ አፍ ሲሰማ በፉጨት ቤቱን ያናጋው ነበር። እኔ ደግሞ እሱን ማብሸቅ ሥራዬ ነው፤ «አንተ፣ ያ ሰውዬ ቦሰት ተራራ ላይ በረዶ ያገኘው ከየት ነው?» እለዋለሁ። «ዝም ብለሽ እዪ» ይለኛል።

ስለ ሰማዩ ብረት የሚያወራው የመጨረሻ ሥራው ነው። ታሪኩን ያኔ ቤት ውስጥ ነግሮኛል። ከሌላ ኮከብ ያሉ ፍጡሮች፣ መልካቸውም አይታይ፣ ሰውን መጨረስ ፈልገው በሽታ በብረት ኳስ አሽገው ይልካሉ። ኳሱ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። የሰው ጉድ ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ጄኔራል ያገኘውና «ጠላቴን እጨርስበታለሁ» ብሎ ያስቀምጠዋል። በሽታው የያዘው ሰው መጀመሪያ ያስለዋል፣ ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ በማያውቀው ቋንቋ ማውራት ይጀምራል። ባለቤቴ ለበሽታው ስም ሲያወጣ «የሰማይ ጉንፋን» አለው። «ወገኖቼ፣ ሽሹ» የሚለው የጄኔራሉ ሰው ነው፤ ከሐዲው፣ ሰው በሰው ላይ እንዲነሣ ሆን ብሎ በሬዲዮ የሚዋሸው። የሚዋሸው! ይቺን ያዙልኝ።

ያንን ፊልም የጨረሰ ሰሞን «ነይ ዓሣ ልጋብዝሽ» ብሎ ቆቃ ወሰደኝ። እሱ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም፤ ግብዣ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ገርሞኝ አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ። መንገድ ላይ ያስለው ነበር። «አቧራው ነው» አለኝ። ዓሣው ሲመጣ እሱ ብዙም አልነካም፤ አጥንቱን እየለቀመ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋል። «ምነው አንተስ?» ስለው «ብዪ፣ ዝም ብለሽ ብዪ» አለኝ። እኔም በላሁ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። ሳንባው ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ የነበርንበትን ቤት ለቅቄ ከከተማው ሌላ ጫፍ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። እዚያ ባለቤቴን የሚያውቅ ሰው የለም። የስፌት መኪናዬን በሩ አጠገብ ዘርግቼ የሰው ቀሚስ አሳጥራለሁ፣ የተቀደደ እጥፋለሁ። አከራዬ ከአርሲ የመጡ እናት ናቸው፤ ሲደሰቱ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲደነግጡ ደግሞ «ያ ረቢ!» ነው። እማማ ነው የምላቸው። ከእሳቸው ክፍል ቀጥሎ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። የግቢው ሰው ይኸው ነው። ሰላም የሆነ ግቢ ነበር፤ ኮሮና ሲመጣም ከጨርቅ ጭምብል እየሰፋሁ አለበስኳቸው፤ እማማ አበባ ያለበት ካልሆነ አላደርግም ብለው አስቸግረውኛል።

ከጉሊት በተመለስኩበት ቀን ያ ድምፅ ግቢያችን ገብቶ ጠበቀኝ። ከባጃጁ ሹፌር ስልክ፣ ከእማማ ስልክ። በማግስቱ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ ሳልፍ ከየቤቱ ይሰማል። አንዱ ቤት «ወገኖቼ» ሲል ሌላው ቤት «ሞጆ» ደርሷል፤ ሦስተኛው ቤት «በሩን ዝጋ» ይላል። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ጋሪው ባዶውን ይሄዳል፤ ከኮረብታው ላይ የነፋስ መብራት ማመንጫዎቹ ዝም ብለው ይሽከረከራሉ። የቀበርኩት ሰው ከግራም ከቀኝም እየተቀባበለ ያወራኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁት። አሥራ ምናምን ዓመት አብሬው የተኛሁትን ሰው ፈራሁት።

ከዚያማ አላስቻለኝም። ግቢው መሐል ቆሜ «እማማ፣ እናንተም ስሙ፤ ይኼ ሰውዬ ዶክተር አይደለም። ባለቤቴ ነው። የፊልም ትርጉም ነው፤ ማን ቆርጦ እንደለቀቀው አላውቅም» አልኳቸው።

የሚስቁ መስሎኝ ነበር። እማማ ግን ስልኩን ቀስ ብለው ከጆሯቸው አወረዱት።

«ባለቤትሽ? የሞተው?»

«አዎ።»

«ይኼ በሽታ ሳይመጣ በፊት የሞተው?»

«አዎ እማማ፣ ምነው?»

«ያ ረቢ!» አሉ። «ታዲያ ሳይመጣ እንዴት አወቀ?»

ፊልም ነው ብዬ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። የባጃጁ ሹፌር ሚስት ልጆቿን ሰብስባ ገባች። አመሻሹ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ያወቀው ነገር ቢኖር ከሞተ ሰው የመጣ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ነው። ለማረጋጋት የተናገርኩት ነገር ቤንዚን ሆነ። ዶክተር ሊሳሳት ይችላል፤ ሙት ግን ምን ብሎ ይዋሻል?

ታናሽ ወንድሜ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ወንድሜ ከጅቡቲ ሞጆ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያኔ ሹፌር የተባለ ሁሉ እንደ እባብ ነበር የሚታየው፤ ሻይ እንኳ የሚሸጥላቸው ጠፍቶ ነበር። ጠዋት በሩን ሳይደበድብ ተደግፎት ነው ያገኘሁት። መኪናውን ሞጆ አቁሞ በሰው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መጥቷል። ግንባሩን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «አፋር በረሃ ላይ ወባ ይዞኛል መሰለኝ እትዬ፤ መኪናው ውስጥ አጎበር የለኝም» አለኝ። አስገብቼ አስተኛሁት። መስኮቱን ስከፍት ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈ፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

እኔ ብቻ ሳልሆን እማማም አይተውታል። ውኃ ሊቀዱ ቧንቧው ጋ ነበሩ። ጀሪካናቸውን ሳይሞሉ ጥለውት ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ግቢው እንዲያ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም። የተሰጣ ልብስ ተነሣ። ልጆቹ አይንጫጩም። ቧንቧው ጋ የቀረችው ጀሪካን ላይ ውኃው ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ የሚዘጋው የለም። አምቡላንስ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደጋግሜ ስሞክር ያነሣችው ልጅ «ይመዘገባል፣ ይጠብቁ» ብላ ዘጋችው። ወደ ባጃጁ ሹፌር በር ሄጄ ከውጭ ለመንኩት።

«ወንድሜ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ ብቻ። ወባ እኮ ነው፤ ከዋለ ካደረ ይገድለዋል።»

«እህቴ፣ በእግዚአብሔር» አለ ከበሩ ጀርባ። «ልጆች አሉኝ። ባልሽ የተናገረውን እያወቅሽ?»

ሊቆጣ የሚገባው ሰው እኔ ነበርኩ፣ ግን ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። ከመንገድ ጋሪ ጠርቼ በር ላይ አቆምኩ። ወንድሜን በብብቱ ይዤ እየጎተትኩ አወጣሁት፤ ትልቅ ሰውነት ነው ያለው፣ ወገቤ ተቆረጠ። ባለጋሪው ዓይኑን አየና ፈረሱን ገርፎ ሄደ። አቧራው ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ በአፋርኛ ይሁን በምን የማይገባኝን ነገር ያወራል። መንገድ ላይ የተማራት ቋንቋ ናት፤ ማን ያንን ይሰማል? ባለቤቴ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ደረሰ፤ ዓይኑ ቢጫ፣ ቋንቋው የማይታወቅ፣ የመጣው ከሞጆ። ለአፍታ፣ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ራሴ ተጠራጠርኩ።

መልሼ አስገባሁት። እማማ በመስኮታቸው ቀዳዳ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ወላሂ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን የገዛ ባልሽ ነው የነገረን። እናትህም ብትሆን በሩን ዝጋ ያለው እሱ ነው።»

ቤቴ ገብቼ ወንድሜን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩት። በግድግዳው በኩል ከጎረቤት ስልክ ባለቤቴ እንደገና ጀመረ፤ «ወገኖቼ…»። ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። እሱና ባለቤቴ እንደ ነፍስ ነበር የሚዋደዱት።

«መጣ እንዴ?» አለኝ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ግባ በለው እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆመዋል?» ወደ በሩ አየና ፈገግ አለ። «ግባ ወዳጄ፣ ቦታ አለ።» ከፍራሹ ፈቀቅ አለለት።

በሩን አላየሁም፤ ማየት አልፈለግሁም። «ዝም ብለህ ኑርልኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ይቺ የእኔ ቃል ናት። ባለቤቴ ደከመኝ ሲል፣ አመመኝ ሲል፣ የሰው ፊት ሰለቸኝ ሲል ምንም ምክር አላውቅም፤ «ዝም ብለህ ኑርልኝ» ነው የምለው። ለወንድሜም ያንን ጠዋት እየደጋገምኩ ስጮኽ ግቢው በሙሉ ሰምቶኛል።

ያኔ ነው ሻንጣው ትዝ ያለኝ። የባለቤቴ ልብስ ያለበት፣ ከቀብሩ ወዲህ ያልከፈትኩት ሻንጣ አልጋ ሥር ነው። ሙት ሆኖ ካስፈራቸው፣ በሕይወት እያለ ሲቀልድ ይዩት ብዬ። ጎትቼ ከፈትኩት። ሽታው መጣ። እሱን አልፌ ከሸሚዞቹ ሥር ሲዲዎቹን አገኘሁ። በራሱ እጅ «የሰማይ ጉንፋን» ብሎ የጻፈበት ነበረበት። ማጫወቻው አቧራ በልቷል፤ ጥቂት አንቋረረና፣ እግዜር ይስጠው፣ ተነሣ። ቴሌቪዥኔን የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጬ ፊቱን ወደ ግቢው አዞርኩት። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። መብራት እንዳይሄድ ብቻ ለማላውቀው ታቦት ሁሉ ተሳልኩ።

አንድ ፈረንጅ ኮፍያውን አድርጎ ሐይቅ ዳር ቆሟል። ከሐይቁ ወዲያ ጥድና በረዶ አለ። ባለቤቴ «ይኼውላችሁ ቆቃ» አለ፤ «ዛሬ ትንሽ በርዶታል።»

ማንም አልወጣም። መጋረጃ ሲነቃነቅ ግን አየሁ። ጄኔራሉ መጣ፤ ጺሙን እያሻሸ «ሞጆ ላሉት ልጆች ደውልልኝ!» አለ። መርከቡ ከባሕር ወደ ሞጆ ገባ። ከዚያ ከእማማ መስኮት አንድ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ያሳላቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። እሳቸው ሲስቁ ሆዳቸው ቀድሞ ነው የሚስቀው። «ሞጆ መርከብ!» አሉ፤ የቀረውን ሳቁ ዋጠው። የባጃጁ ሹፌር በሩን በስንዝር ከፈተ። «ወገኖቼ፣ ሽሹ» የሚለው ቦታ ሲደርስ ሁላችንም ተናጋሪውን አየነው፤ ነጭ ጓንት ያደረገ፣ ፀጉሩ በቅባት የተለጠፈ አጭር ሰውዬ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀምጦ ይዋሻል። ዋሽቶ ሲጨርስ ለጄኔራሉ ይጠቅሰዋል።

«ውይ! ይኼ ነው እንዴ ዶክተሩ?» አለች የሹፌሩ ሚስት።

ግን ማንም ከደፉ አላለፈም። ፊልም መሆኑን አዩ፤ ወንድሜ ዓይን ላይ ያለው ቢጫ ደግሞ ፊልም አይደለም።

ፊልሙ ቀጠለ። የጀግናዋ ባል ተያዘ። አልጋ ላይ ሆኖ ይስላል። ፈረንጁ አንዴ አፉን ከፍቶ ዘጋ፤ ሳሉ ግን ቀጠለ። አፉ ተዘግቶም ይስላል። ከሥር የሚመጣ፣ የሚሰነጠቅ ሳል ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ስንት ሌሊት ጀርባውን አሽቼለታለሁ። ይኼ ትወና አይደለም፤ ያኔ ታሞ ነበር፣ እዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ብቻውን። ማጥፋት ፈለግሁ፤ እጄ አልታዘዘኝም።

ሐኪሞቹ ከክፍሉ ሸሹ። ሰውየው ለሚስቱ «አንቺም ሂጂ፣ ተይኝ» አላት። ፈረንጇ አልሄደችም። አልጋው ላይ ተቀምጣ ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ባለቤቴ የሴት ድምፁን አወጣ፤ ያቺን እኔን የሚያስቀኝን ቀጭን ድምፅ፤

«የት ነው የምሄደው አንተ ሰውዬ? ዝም ብለህ ኑርልኝ!» አለች።

እማማ ከመስኮታቸው ጠፉ። ከዚያ መቀርቀሪያው ሲነሣ ሰማሁ። ባለ አበባውን ጭምብል አድርገው፣ በላዩ ሻርፓቸውን ጠምጥመው ወጡ። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይቺማ አንቺ ነሽ» አሉ። «ጠዋት ሙሉ በግድግዳው ስሰማሽ የዋልኩት ነው። ባልሽ ነው የሠራው፤ ባልሽ ቀልዶ ነው የሠራው።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የእሱስ ሴትዮ አልሸሸችም። እኔ ሸሸሁ!» ወደ ሹፌሩ ዞሩና በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጮኹበት፤ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ሰውየው የባጃጁን ቁልፍ ይዞ ሮጠ።

ወንድሜን ሦስት ሆነን ባጃጁ ውስጥ አስገባነው። እግሮቹን የያዙት እማማ ናቸው። ጤና ጣቢያ ደም ተወሰደ። ወባ ነው፤ ከባዱ ዓይነት። መድኃኒቱን እያዘጋጀ ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ወንድሜ ተረፈ።

እሱ ተሽሎት ቤት ሲገባ እማማ ሲዲውን ይዘው መጡ። ያን ቀን ቤቴን ቆልፈው፣ ፊልሙን አስቁመው ነበር። «ያለ አንቺ መጨረሱን አልወደድኩትም» አሉኝ። ግቢው ውስጥ ወንበሮች ተራርቀው ተደረደሩ። ወንድሜ ጋቢ ለብሶ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

መጨረሻው ላይ ያ የታመመው ሰውዬ ይሞታል። ሚስቱ አንሶላውን ወደ ፊቱ ስባ አለበሰችው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ሙዚቃው ወረደ፤ ባለቤቴ ግን የሴቲቱን ለቅሶ አላለቀሰም። ከዚያ በራሱ ድምፅ፣ ማንንም ሳይሆን፣ እንዲህ አለ፤

«እዚህ ጋ ሰውየው ይሞታል ይላል ፊልሙ። እኔ ግን ምን በወጣኝ? አልገድለውም። ተነሥቶ ሚስቱን ዓሣ ሊጋብዛት ቆቃ ሄዷል ብላችሁ ያዙልኝ። እናንተም በሉ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ።»

አሳለው፤ አለቀ።

ሰዎቹ አጨበጨቡ። እማማ ከት ብለው ሳቁና እኔን ሲያዩ አቆሙ። ያ ቀን፣ አዲሱ ቀሚሴ፣ «አቧራው ነው»፣ «ብዪ፣ ዝም ብለሽ ብዪ»። ያኔ ቆቃ ስንሄድ ያውቅ ነበር። ሐኪሙ ነግሮታል፣ ለእኔ አልነገረኝም፤ ለማይክ ነው የነገረው። እኔ ደግሞ ዓሣዬን እየበላሁ አጥንት ሲለቅም አየዋለሁ። ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቅ ሴት ግቢው መሐል እሪ አልኩ። እማማ ርቀቱንም ምኑንም ረስተው አቀፉኝ።

ወንድሜ ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት ዓሣ አማረኝ አለ። ቆቃ ወሰድኩት። ውኃው ዳር ያለችው ዓሣ ጠባሽ ልጅ አዘዝናትና ተቀመጥን። ገና እንደከሳ ነው። አጥንቱን እየለቀምኩ ሥጋውን ወደ እሱ እገፋለሁ። ልጅቷ ዘይቱን እያገላበጠች ስልኳን ከፈተችና ሳህኖቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ወገኖቼ፣ ሽሹ!» አለ ባለቤቴ፣ ሹ-ዋን እያፏጨ። «ከሰማይ ወርዶ ቆቃ ሐይቅ ውስጥ የወደቀው…»

ወንድሜ ጉርሻውን አቁሞ አየኝ። «ዝጊው ልበላት?»

«ተዋት» አልኩት። «ትንሽ ያውራ። አንተ ዝም ብለህ ብላ።»